አባቴ ፈቅዷል

የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዘወረደ

ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ላይ ስለ አብርሃም አስተማርኩ። «ልጅህን አምጣ ሲባል ለምን አላለም፤ በማለዳ ተነሥቶ አህያውን ጫነ። መታዘዝ ማለት ይህ ነው» አልኩ። ሰዉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። የንስሐ አባታችን መምሬ ሠረቀብርሃን ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገው «አሳምረህ ያዝከው» አሉኝ። እንዲህ ስባል ልቤ እንደሚያብጥ አውቃለሁ። በዚህ ጾም የምታገለው እሱን ነው። ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚያው ነው።

ቤት ስንገባ ሚኪያስ «አባዬ፣ ዛሬ ያስተማርከው ከልብህ ነው?» አለኝ። «በእግዚአብሔር ቃል ይቀለዳል እንዴ?» አልኩት። የሚጨምረው ነገር የነበረው ይመስለኛል፤ ደረጀ ደወለና ስልኩን አነሳሁ።

ደረጀ በብርድ ልብስ ፋብሪካው ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ እኔ የማሽን ጥገና ክፍል፣ እሱ የሠራተኛ አስተዳደር። ሚኪያስ አምና ከዩኒቨርሲቲው በመካኒካል ከተመረቀ ጀምሮ ሥራ አላገኘም። ደረጀ እኛው ዘንድ አስገባልኝ፤ መጋቢት 22 ይጀምራል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የደረጀን ልጅ ትዕግስትን ሽማግሌ ልኬ እጠይቅለታለሁ። እኔና አባቷ ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆነን። እግዚአብሔር ነገሬን ሁሉ መስመር አስይዞልኛል። ስሙ ይመስገን።

የካቲት 19

በእረፍት ሰዓት። ሁለተኛው ማሽን ክር እየበጠሰ ሲያስቸግር ዋለ። እጄ ዘይት ነው። ሚኪያስ ጠዋት «ላናግርህ ነበር» አለኝ። እሁድ አልኩት።

የካቲት 23፣ ቅድስት

ዛሬም አልሆነም። ለጉባኤው የምለውን እያዘጋጀሁ ሳለ ቦርሳውን አንግቦ መጣ። «አንኮበር አክስቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» አለ። እህቴን ብዙነሽን ማለቱ ነው። «መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀህ ሂድ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ጉልበት የምንሳሳመው ለዓመት በዓል ነው፤ ገርሞኝ ሳቅሁ።

ሚስቴ ገነት እስከ ውጭ በር ሸኘችው፤ ብዙ ቆይታ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ልጬ ነው አለች። እጇ ግን ሽንኩርት አይሸትም ነበር።

የካቲት 26

የሚኪያስ ስልክ አይሠራም። ወደ አንኮበር ከትናንት ጀምሮ ታክሲ የለም አሉ። አንድ ነገር ሆኗል፤ ምን እንደሆነ የሚናገር የለም።

የካቲት 28

ብዙነሽን ዛሬ በመከራ አገኘኋት። «አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ወደ ቆላ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ሄደ። አንተ የላክኸው መስሎኝ» አለች።

በዚህ ዘመን የጠፋ ወንድ ልጅ የት ገባ ተብሎ በይፋ አይጠየቅም። ፋብሪካ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ስደርስ «የምህረቱም ልጅ ጫካ ገባ አሉ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስገባ ሁሉም ጫማቸውን ማሰር ያዙ።

የማይገባኝ ገነት ናት። እኔ ቁጭ ብድግ ስል እሷ ምስር ትለቅማለች። «እናት አይደለሽም ወይ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ክፉ ቃል ነው የተናገርኩት። ጾም ነው።

የካቲት 30፣ ምኩራብ

መምሬ ሠረቀብርሃን ዘንድ ሄድኩ። ልጄ ከጠፋ ሳምንቱ ነው፣ ለፖሊስ ላመልክት ወይ ስላቸው መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና «አትቸኩል። እግዚአብሔር ባለበት ነው ያለው። ታገሥ» አሉኝ። ዓይኔን አላዩኝም። እኔ ግን በእምነታቸው ቀናሁ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ፈቃድህ ይሁን እያልኩ ነው የመጣሁት። ስንቱን ሬሳ በሐሳቤ አገላብጬ ፊቱን እንዳየሁ ግን ለማንም አልነገርኩም።

መጋቢት 3

ትንሿ ልጄ ቤዛ ከትምህርት ቤት መጥታ ከደብተሯ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «ከሄደ በአሥራ አምስት ቀን ስጪው ነበር ያለኝ። አላስችል አለኝ፣ አባዬ። ስትሰግድ ትናንት አየሁህ» አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ።

እንዲህ ይላል፦

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ከአንኮበር በታች ባለው ገዳም ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የፈለግሁት ይህን ነበር። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ አንተ ስለ እግዚአብሔር ነበር የምትነግረኝ፤ መግቢያ አጣሁ። አትፈልገኝ። ልጅህ ሚኪያስ።»

በሕይወት አለ። ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩ። ገነት ቆማ ታየኛለች። ቀና ስል ፊቷ ላይ የመደነቅ ምልክት የለም።

«ታውቂ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና።»

ከገና ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ገበታ ላይ። ቤዛ ታውቃለች፣ እናቷ ታውቃለች። አሥር ቀን ሙሉ ልጄን በልቤ ስቀብር እነሱ ወጡን ያማስሉ ነበር። ምን እንደተናገርኩ አልጽፈውም። ቤዛ አልቅሳ ወጣች።

መጋቢት 4

ጋቢዬን ይዤ ሳሎን ተኛሁ። በጣም ይበርዳል።

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ነው የማስታውሰው።

መጋቢት 7፣ መጻጉዕ

እንዳላስተምር አሞኛል ብዬ አስነገርኩ። ቅዳሴ ሲወጣ መምሬን ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ጠበቅኋቸው። እሳቸውም ያውቁ እንደነበር ቤዛ አምልጧት ተናግራለች።

«ልጅህ በንስሐ የነገረኝን ላንተ ላወጣልህ ነበር?» አሉኝ።

«አያውጡ። ግን የሞተ መስሎኝ ፊትዎ ቆሜ ታገሥ አሉኝ።»

«እሱ ጥፋቴ ነው። ቢያንስ ደኅና ነው ልልህ ይገባኝ ነበር። ፈራሁህ።»

«እኔን? እኔ ምን አደርግዎታለሁ?»

«ጥቅስ ትጠቅስብኛለህ» አሉ። «ምህረቱ፣ አንተን የሚያናግር ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት መልስ አግኝቷል። ልጁም የፈራው እሱን ነው።»

መስቀላቸውን ሳልሳለም ወጣሁ። ሃያ ዓመት ኃጢአቴን የነገርኳቸው ሰው ናቸው። በጀርባዬ በሬን ከፍተው ልጄን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ይቅር አልልም። አባታችን ሆይ ስደርስ «እኛም ይቅር እንደምንል» የሚለውን ዘለልኩት። ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 12

ደረጀ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። «ከእኔ ልጅ ገዳም ተሻለው አሉ» አለኝ። እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ብቻ ነበር። «ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? ልጅቷ ላይ ነውር ቢያገኝ ነው የሸሸው ይላል። ቃል የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ሂድና አምጣው።»

እውነቱን ነው። እኔም የፈለግሁት ሂድና አምጣው የሚለኝ ሰው ነበር።

መጋቢት 19፣ አንኮበር

ብዙነሽ ቤት ነኝ። ታክሲ ስጠብቅ ነው የምጽፈው። ሚኪያስ ውጭ እንጨት ይፈልጥላታል። የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማኛል።

ረቡዕ እዚህ አድሬ ትናንት በማለዳ ወረድኩ። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ያንሸራትታል። ወደ አሊዩ አምባ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አህያ እየነዱ አብረውኝ ሆኑ። ልጄን ፍለጋ መሆኔን ስነግራቸው «ምን ሆኖ?» አሉ። ገዳም ገባብኝ አልኳቸው።

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«የት እንዳለም ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ በል ታዲያ» አሉ። የሳቸው ልጅ ወደ ሳዑዲ በባሕር ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ድምፁን አልሰሙም። መንታ መንገዱ ድረስ አህያውን ተከትለን ወረድን። ስንለያይ «አላህ ያግራልህ» አሉኝ። እኔ ልመርቃቸው ሲገባኝ ቁጣዬን ተሸክሜ ወረድኩ።

ሚኪያስን ከገዳሙ አጥር ውጭ አገኘሁት። ከምንጭ ውኃ ተሸክሞ ይወጣል፤ ጀሪካኑ በገመድ ጀርባው ላይ ታስሯል። ከስቷል። ሲያየኝ ጀሪካኑን አላወረደም፤ እንደተሸከመ ቆመ። እኔም አልሳምኩትም። ፊቱ ላይ ያየሁትን እዚህ ካልጻፍኩ ይህ ደብተር ውሸት ነው፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔን ከማየቱ በፊት ማለቴ ነው። ለራሱ እያዜመ ነበር የሚወጣው።

አበምኔቱ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ዛፍ ሥር አስቀመጡን፤ የተቀቀለ ባቄላና ውኃ አቀረቡልኝ። «ልጅህ ጥሩ ታዛዥ ነው» አሉኝ። «መርቀህ ስለላክኸው እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ እሺ ብሎ የሚሸኝ ወላጅ ጥቂት ነው።»

እኔ ሚኪያስን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል።

«መርቄ?» አልኩ።

«ወላጁ ያልፈቀደለትን አንቀበልም። ስንጠይቀው አባቴ ፈቅዷል አለን።» አበምኔቱ ዝምታዬን ሰሙት። «ፈቅደህለት ነበር?» አሉ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አዎ ብል ይቀራል፤ ያ ዜማው ይቀጥላል፤ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ። አብርሃም ነኝ ብዬ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ በማለዳ የተነሣሁት ግን ልጄን ላስፈታ ነው።

«አልፈቀድኩም» አልኩ።

አባ ገብረመንፈስቅዱስ ቁጣ አላሳዩም። «ልጄ» አሉት፣ «ምንኩስና በሐሰት አይጀመርም። ሂድ ከአባትህ ጋር። የሚልህን ታዘዝ።»

«እሺ አባ» አለ። ይኸው ነው። ይለምናል፣ ያለቅሳል ብዬ ነበር። መሬት ስሞ ጋቢውን ይዞ መጣ። ዳገቱን ሙሉ ስድስት ሰዓት ያህል ከኋላዬ ተከተለኝ። ሲደክመኝ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። አንድ ጊዜ «ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

«እውነቱን ብናገር አትፈቅድልኝም ነበር፣ አባዬ» አለ። እንደ ስድብ አይደለም የተናገረው። ሰዓት ስንት ነው እንደሚባል ነው።

ልጄን አግኝቻለሁ። መጥረቢያው አሁን ዝም አለ።

መጋቢት 21፣ ገብር ኄር

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እጄን የጨበጠኝ ብዛቱ። አንዲት አሮጊት ግን አልጨበጡኝም፤ ለጎረቤታቸው «ከእግዚአብሔር እጅ ቀማው» ሲሉ ሰማኋቸው።

አስተምር ተባልኩ። የዛሬው ስለ ታማኙ አገልጋይ ነው። ቆሜ ምንባቡን አነበብኩ፤ ማብራራት ስጀምር ሚኪያስ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ በትሕትና ያየኛል። መጽሐፉን ዘጋሁ። ጉንፋን ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 24

ሥራ ጀምሯል። ቱታው ይሰፋዋል። ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንገባለን። ደረጀ «ወርቅ ልጅ» ይላል።

ይህን አንሳ እለዋለሁ። እሺ አባዬ። ብላ። እሺ አባዬ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ቢለኝ።

መጋቢት 28፣ ኒቆዲሞስ

ገነት ሳላናግራት አናገረችኝ። «አመጣህልኝ?» አለች። «እየበላ እየጠጣ ነው። ልጄ ግን የት ነው?»

አንቺ ነሽ ያሰናበትሽው፣ አሁን ምን ትጠይቂኛለሽ አልኳት። ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው። እንደ ከዳተኛ ሳያት ይኸው ወሩ ሊሞላ ነው፤ እሷ ግን አንገቷን አልሰበረችም። ይህም ያናድደኛል።

ሚያዝያ 2

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የደረጀ ልጅ ትዕግስት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ባንክ ነው የምትሠራው፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው። «ጋሽ ምህረቱ፣ ሁለት ደቂቃ» አለችኝ። ከአጥሩ ጥግ ቆምን።

«ከሚኪያስ ጋር ትናንት ተገናኝተን ነበር። ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ሰው ነኝ፣ ደስ አለኝ።

«አንተ ትፈልጋለህ ወይ አልኩት። አባቴ ብሏል፣ እሺ ብያለሁ አለኝ።» እንባዋ መጣ፤ ግን አላወረደችውም። «ጋሼ፣ እኔ በእሺ አልገባም። ሽማግሌ እንዳይልኩብን። ለአባቴ እኔ እነግረዋለሁ፤ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። እርስዎ ግን ያንን ልጅ ምን እያደረጉት እንደሆነ ይዩት።»

ባጃጅ አስቁማ ሄደች። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። ቆሜ ቀረሁ። ፈረቃው ሁሉ በአጠገቤ እየተጋፋ ወጣ። ሚኪያስ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ሳይጠይቀኝ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ጣቴ ላይ የዘንባባ ቀለበት አስሬ ዋልኩ። ደረጀ በሩቅ አይቶኝ ዞረ፤ ትዕግስት ነግራዋለች ማለት ነው። ቃሌን የጠበቅሁለት ወዳጄ ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ዋልን። ሚኪያስ ከጎኔ ነበር። ሰው ኪርያላይሶን ሲል እኔ እግዚአብሔርን እጣላ ነበር። ሁሉም ከዱኝ፣ ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ የንስሐ አባቴ፣ ወዳጄ፤ ከሁሉም ግን አንተ ባስህ አልኩት። ይህን ያህል ዘመን አገለገልኩህ። ፈቃድህ ይሁን ያልኩህ እኮ ፈቃድህና ፈቃዴ አንድ ስለመሰለኝ ነው። ልጄን ትወስዳለህ ብዬ መቼ አሰብኩ? ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳለ ነው ይህን ያልኩት። ቀና ማለት አቃተኝ። ሚኪያስ ብብቴን ይዞ አነሣኝ። «ደከመህ፣ አባዬ?» አለኝ። እሺ ያልሆነ ቃል ከአፉ ስሰማ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

ስግደቱ ሲያልቅ መምሬ ሠረቀብርሃን ዘንድ ገባሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኳቸውም። የተናገርኩትን ሁሉ ግን ነገርኳቸው፤ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሁትንም። አንድ ጥቅስ ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወይራውን አንሥተው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝና የስግደት ቁጥር ሰጡኝ። «እኔም ልጄን ስቀብር እንዲህ ብዬዋለሁ» አሉ። ልጅ እንደቀበሩ አላውቅም ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ከቅዳሴ እንደተመለስን ገደፍን። ዶሮው ጥሩ ነበር። ሚኪያስ ጥቂት ቀመሰና ለቤዛ አጎረሳት። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሶፋው ላይ ሲተኛ አየሁት፤ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ነው የሚተኛው፤ ቦታ እንዳይወስድብን።

ሚያዝያ 15

ትናንት ፋብሪካው ጓሮ አስጠርቼ «መሄድ ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«አንተ የምትለውን...»

«እኔ የምለውን አልጠየቅሁህም።»

የእጁን ዘይት በቱታው ጠረገ። «እፈልጋለሁ» አለ። «በየቀኑ፣ አባዬ።»

ዛሬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ለአባ ገብረመንፈስቅዱስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ሁሉም ስብከት እየሆነ አስቸገረኝ። የመጨረሻው እንዲህ ነው፦ «ልጄ ሚኪያስ መጀመሪያ ሲመጣ አልፈቀድኩም ነበር፤ ዋሽቶዎታል። አሁንም ደስ ብሎኝ አይደለም የምልከው። ግን አልያዝኩትም። ይቀበሉት።» ሳይታሸግ ሰጠሁት። አነበበው።

«አትመርቀኝም?» አለ።

«ምርቃቱ ገና ከአፌ አልወጣልኝም። ልዋሽህ ወይ?»

«አትዋሽ» አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ረዳቱ «አንኮበር አንድ ሰው!» ይጣራል። ገባ። በመስኮቱ እጁን አላወዛወዘም፤ እኔም። መኪናው ሲወጣ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። እየጸለየልኝ ይሁን እያዜመ አላወቅሁም።

በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ገነት ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«መረቅከው?» አለች።

«አልቻልኩም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እኔም አልመረቅኩትም» አለች። «ያን ቀን በር ላይ እግሩን ይዤ ለመንኩት። ሂድ ያልኩት እንዳይመስልህ። እጄ ሲዝል ነው የለቀቅኩት።»

ይህን ሁሉ ቀን ይህን ደብተር በማን ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ?

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ስለ አብርሃም ታስረዳኝ ነበር» አለች። «እኔ የፈለግሁት አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ሁለታችንንም ስናለቅስ አገኘችን። ቦርሳዋን ሳታወርድ መሐላችን ገብታ ተቀመጠች።